መቃኑን ሁለቴ የሚመቱ ሰዎች

እኔ ባሌን የወደድኩት በቢሮ በር ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጠባዩን አይቼ» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ጠባዩን ያየሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከቢሯችን ሲወጣ የበሩን መቃን በጣቱ አንጓ ሁለቴ ኳ ኳ ሲያደርግ ነው። ክው ነው ያልኩት። ከዚያ በፊት ከቤት ሲወጣ መቃን ሁለቴ የሚመታ ሰው የማውቀው አባቴንና ከአባቴ የለመደውን ወንድሜን ብቻ ነበር።

ይኸው ልማድ በኋላ ትዳሬን ከአፌ ላይ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረውም። ነገሩ ቅዳሜ ተጀምሮ ማክሰኞ አለቀ። አራት ቀን ነው፤ እኔ ግን ይሄው እስከ ዛሬ አውርቼ አልጠገብኩትም። እንግዲህ ታገሱኝ፤ ወሬ ሳሳጥር አልወድም።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ስንዱ ሞላ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ታፔላው ይሰቀላል፣ ማኅተሙ ይመጣል፣ ወንበሩ ግን አይመጣም። እኛ ሦስት ወንበር ነበረን። ስብሰባ ሲኖርብን ከጎረቤት ቢሮ እንዋሳለን፤ እነሱም ሲኖርባቸው ከእኛ ይዋሳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ቀን መሰብሰብ አይችሉም ነበር። እኔ የጽሕፈት መኪናው ላይ ነበርኩ። ታይፒስት ስለሆንኩ ከሦስቱ ወንበሮች አንዱ የኔ ነው፤ ይህን ሥልጣን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት።

ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ፣ ከዋድላ፣ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከቁጥር በቀር ስም ያልወጣለት የሰፈራ መንደር ውስጥ እንኖር ነበር። ባሌ ደሳለኝ ደግሞ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ከፓዌ ተመድቦ መጣ። የሱም ቤተሰቦች እንደኛው ሰፋሪዎች፣ እንደኛው ዋድላዎች ናቸው፤ አባቱ ፓዌ፣ አጎቱ ባምባሲ ይኖራሉ።

ስንግባባ አንድ ቀን፣ «በሩ ምን አድርጎህ ነው የምትመታው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፤ አባቴ ሲያደርግ አይቼ ነው» አለኝ።

እኔ በልቤ «ይሄ የእግዜር ምልክት ነው» አልኩ። አንድ ልዩነት ብቻ ነበር። አባቴ መቃኑን ሲመታ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ሞላ ከእኔ ይልቅ ከበሩ ጋር ያወራል» ትል ነበር። ደሳለኝ ግን ዝም ብሎ ነው የሚመታው። ያን ጊዜ ይህን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ። በታኅሣሥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ የአሶሳ ሽማግሌዎች፣ ሦስተኛው ከባምባሲ የመጡት አጎቱ ናቸው። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌያለሁ። ነገሩ በቅቤ እንደታሸ ነገር ነው የሄደው። አባቴ ለወጉ ያህል ትንሽ አንገራገረ፣ ሽማግሌዎቹም ለወጉ ያህል ትንሽ ለመኑ፤ ሠርጉ ለጥር ይሁን ተባለ። አባቴ ደስ ብሎት ታላቅ ወንድሜን ተጣራ።

«እጅጉ፣ እስቲ ጠላውን ጨምርላቸው።»

«አቤት» አለ ወንድሜ ከውጭ። «አቤት» አሉ የደሳለኝ አጎትም እዚያው ከመቀመጫቸው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሳቸውም ስም እጅጉ ነው ለካ። «እንኳን ዘመድ ልንሆን፣ ስማችንም ተጋብቷል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

አባቴ እየሳቀ፣ «የኔው የአያቴ አባት ስም ነው። በኛ ቤት እጅጉ ሳይኖር የቀረበት ዘመን የለም» አለ።

የአጎትየው ሳቅ ቀስ እያለ ቆመ። «የእኔም የአያቴ አባት ስም ነው» አሉ። «ዋድላ ነው የኖሩት?»

«ዋድላ።»

«እንግዲያው ቤት እንቁጠር።»

አንባቢዎቼ፣ ምናልባት ከተማ አድጋችሁ ካላወቃችሁት፣ በኛ አገር ሰው ከመጋባቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባት ቤት ውስጥ አንድ አያት ከተገናኘ ወንድምና እህት ናችሁ፤ ሠርጉ ቀረ። ሁልጊዜ የሚቆጥሩት እድሜ የጠገቡ ሰዎች ናቸው። የእኛን ቆጣሪዎች ግን ግማሹን ድርቁ ወስዷቸዋል፣ ግማሹን መንገዱ። አባቴ በልጅነቱ የሰማውን ይዞ ነው የቀረው፤ የደሳለኝ አጎትም እንዲሁ።

«ስንዱ፣ ሞላ፣ ካሴ፣ ወርቄ፣ እጅጉ» አለ አባቴ በጣቱ እየያዘ።

«ደሳለኝ፣ በላይ፣ ተሰማ፣ ሙጬ፣ እጅጉ» አሉ አጎትየው።

«ከእጅጉ በላይስ?» አለ አባቴ።

«ከዚያ በላይ አልያዝኩም። እኛ ቤት እጅጉ ላይ ነው የሚቆመው።»

አጎትየው ትንሽ አየር ልውሰድ ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው በራሱ ጊዜ ተነሳና መቃኑን ሁለቴ መታው። ኳ ኳ።

በመጋረጃው ቀዳዳ የአባቴን ፊት አየሁት። ደሙ ከፊቱ ሸሸ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለ።

«ከአባቴ ነው ያየሁት። አባቴም ከአባቱ።»

አባቴ፣ «በሉ ወገኖቼ፣ እኔ ልጄን ለወንድሟ አልድርም» አለ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጎትየውም አልተከራከሩም። «ረቡዕ ወደ ፓዌ የሚሄድ ሰው አለ፤ ለወንድሜ ቁርጡን እልክበታለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ወጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ የያዝኩትን ሳህን ለማን እንደማቀርበው ጠፋኝ።

እሑድ ደሳለኝ ራሱ መጣ። አባቴ ወደ ቤት ሳያስገባው አጥሩ ጋ ቆሞ አነጋገረው። «ልጄ፣ አንተ ጥፋት የለብህም። እኔም የለብኝም። ደም ነው» አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አባቴ ደሳለኝን ከእኔ አብልጦ ሳይወደው አይቀርም፤ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እንደ ልማዱ የአጥሩን በር ሊመታ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁን አየው፣ መለሰው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቅዳሜ ያላለቀስኩትን ሁሉ ያኔ አለቀስኩት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ከጋሽ ሐሚድ ጋር ክፍል እንጋራ ነበር። ጋሽ ሐሚድ የአሶሳው ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን ቢሮ ገብተው ነው የተማሩት፤ እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የራቀኝ ይመስለኝ ጀመር። የተየብኩትን ደብዳቤ አነሱና በመነጽራቸው ስር አዩት።

«ስንዱ፣ ይሄ ደብዳቤ ለወረዳው ነው። አንተ ‹ለአቶ እጅጉ› ብለህ ጻፍክ። እጅጉ ማነው? ደግሞ ወረቀቱ ለምን ረጠበ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሙን፣ ቆጠራውን፣ በሩን። ጋሽ ሐሚድ ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ፤ ሳቁብኝ።

«ወላሂ ለዚህ ነው የምታለቅሰው? ስማ። በኛ ቤት አያቴ ሐሚድ ነው። አባቴ ኸሊፋ ነው። እኔ ሐሚድ። ልጄ ኸሊፋ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሐሚድ። የአያት ስም ለልጅ ልጅ ነው፣ እንደዚህ እንደዚህ ይዞራል። ገበያ ላይ ቆመህ ‹ሐሚድ› ብትል ግማሽ ቤተሰብ ይመጣል።»

«ታዲያ እንዴት ትለያላችሁ?»

«አሮጊት ይለያል። የኔ አክስት ‹የዘይነብ ሐሚድ፣ የአስያ ሐሚድ› ይላል። ወንድ ስም ያወጣል፣ ኸላስ፣ ይረሳል። ማን ከማን ቤት መጣ፣ ማን አዋለደ፣ እሱን ሴት ነው የሚያውቀው። እናንተ ቅዳሜ አሮጊት ጠይቃችኋል?»

አልጠየቅንም። በኛ ወግ ዘር የሚቆጥር ወንድ ነው። ሴት ብትቆጥር እንኳ «እስቲ ዝም በይ» ትባላለች። አጎትየው ቤት ግን አንዲት አሮጊት እንዳሉ ደሳለኝ አጫውቶኝ ነበር፤ እማማ ስመኝ ይባላሉ፣ የአያቱ የተሰማ እህት። «ጆሯቸው ስለማይሰማ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም» ነበር ያለኝ።

ጋሽ ሐሚድ የፈቃድ ቅጽ አወጡ። «ነገ ባምባሲ ሂድ። አባትህን ይዘህ ሂድ። ብቻህን ከሄድክ አያምንህም።»

አባቴን ማሳመን ከባድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አሮጊቷ ዘር ሊቆጥሩልን ነው?» አለኝ እየተቆጣ።

«አይቁጠሩ አባዬ። ያውሩልን ብቻ።»

ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ ከእጅጉ ጋርም በኩርፊያ መለያየት ደግ አይደለም፤ ልሰናበተው» አለ። ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መቃኑን ሊመታ እጁን አንሥቶ አመነታ። ከዚያ መታው፤ ከንፈሩም እንደ ሁልጊዜው ተንቀሳቀሰ።

አይሱዙ ላይ ተጭነን ባምባሲ ደረስን። አቧራው ሁለታችንንም ቀይ አድርጎን ወረድን። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት «አካም» ብላ ሰላም ካለችን በኋላ የአጎትየውን ቤት በጣቷ አሳየችን፤ ፊታችንን አይታ ለቅሶ የመጣን ሳይመስላት አልቀረም። ደሳለኝ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል፤ ሰኞ ማታ እኔ ልኬበት ነበር። አጎትየው በአክብሮት ተቀበሉን፣ ግን ለፓዌ የሚልኩት ደብዳቤ ታጥፎ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ነገ የሚሄደው እሱ ነው።

እማማ ስመኝ ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ደቃቃ ናቸው። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ጮህኩ። «እማማ፣ አያትዎ እጅጉ የማን ልጅ ናቸው?»

እንዝርቱ ቆመ። ያዩት እኔን አይደለም፤ የወንድማቸውን ልጅ ነው።

«ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ስንት ዘመኔ» አሉ። «የደስታ ልጅ ነው።»

«ደስታ ማነው?» አሉ አጎትየው በድንጋጤ።

«አታውቀውም። እናንተ ወንዶች እጅጉ ላይ ስትደርሱ ትቆማላችሁ። ደስታ ስደተኛ ነዋ። ርስት የሌለው ሰው ሲቆጠር ምን ይጠቅማል? ‹እጅጉ› ብላችሁ አቆማችሁት፣ ለአገሬውም የዋድላ ተወላጅ መሰላችሁ።»

አባቴ ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ። እማማ ስመኝ እየፈተሉ ቀጠሉ።

«ደስታ በክፉ ቀን እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ከበጌምድር ተሰዶ መጣ። መሽቶባቸው ‹የመሸበት እንግዳ› ብለው አንድ ቤት ገቡ። የቤቱ ባለቤት እጅጉ ይባላል። በማግስቱ ሴትዮዋን ምጥ ያዛት። ሰውየው አልጋውን ለቀቀላትና እሱ ከከብቶቹ ጋር አደረ። ወንድ ልጅ ተወለደ። ‹ስሙን ማን እንበለው?› ሲባል ደስታ ‹የዚህን ሰው ስም› አለ። ያ ልጅ የኔ አያት ነው። ባለ ቤቱ ሌላ፣ አያቴ ሌላ።»

ደሳለኝ ከበሩ አጠገብ እንደ ቆመ ቀረ። አባቴ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም።

«እማማ፣ ጡትስ? የሰውየው ሚስት አጥብታው ከሆነ ያው ወንድማማች ናቸው።»

እማማ ስመኝ አልሰሙም። ጥያቄውን ሦስቴ ደገምኩላቸው። አንባቢ ሆይ፣ እጮኛሽ ፊት ቆመሽ «ጡት ጠብቶ ነበር ወይ» እያሉ ሦስቴ መጮኽን ለጠላቴም አልመኝም።

«ምን ጡት» አሉ በመጨረሻ። «ሰውየው ያኔ ሚስትም አላገባ። ልጁን ያሳደገችው የገዛ እናቱ ናት፤ እዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ።»

«ታዲያ በሩን መምታቱስ?» አለ አባቴ። «ስሙን ሰጠው እንበል። ይህን ማን ሰጠው?»

«ልጅ አይደል? ባለ ቤቱ ከጉበኑ ላይ እባብ ወድቆበት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ መቃኑን ሁለቴ ሳይመታ አይወጣም። ልጁም ‹ስምህን ምሰል› እየተባለ ስላደገ እሱን አይቶ ሁለቴ መታ።» እማማ ስመኝ እንዝርቱን ቁጭ አደረጉ። «ግን አያቴ ሁልጊዜ የሚቆጨው ነገር ነበር። ባለ ቤቱ ሲመታ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ የሚለው ቃል አለ። ልጁ ‹ምንድን ነው የምትለው?› ብሎ ቢጠይቀው፣ ‹አንተን እወድሃለሁ፤ ይህን ግን ለወለድኳቸው ልጆች ብቻ ነው የምነግረው› አለው። ስለዚህ እኛ ቤት መምታቱን እንጂ ቃሉን የሚያውቅ የለም።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ አጎትየው ዞረ። «እጅጉ፣ በሩን ስትመታ ምን ትላለህ?»

«እኔ? ምንም አልልም። የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«አባትህ ሲሞት በጆሮህ የነገረህ የለም?»

«የለም።»

አባቴ ተነሳ። በሩ ጋ ሄደ፣ መቃኑን ሁለቴ መታ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያደርገው እያየሁ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉ ግን ይስቃል። «ለእኔ አባቴ ሲያጣጥር ነግሮኛል» አለ። «ደም ብትሆኑ ኖሮ ቃሉ እናንተም ጋ ይኖር ነበር። እናንተ የአያቴ አባት እንግዶች ናችሁ።» ከዚያ ደሳለኝን አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ እኔን ሳይሆን እሱን። አላልኳችሁም?

አጎትየው ከሣጥኑ ላይ ደብዳቤውን አንሥተው ቀደዱት። ቀጥለው እማማ ስመኝን፣ «ይህን ሁሉ እያወቁ ቅዳሜ ቆጥሬ ስመለስ ለምን ዝም አሉ?» ብለው በጆሯቸው ጮኹ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉና እንዝርታቸውን አነሱ።

ጥር ላይ ተጋባን። ወንበር ከሁለቱም ቢሮዎች ተዋስን። ከአባቴ ቤት ስወጣ አባቴ መቃኑ ጋ አስቆመኝና ጎንበስ ብሎ ቃሉን በጆሮዬ ነገረኝ። ለሴት ልጅ ሲነገር የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አጭር መሆኑን ብቻ እወቁ።

እነዚያ አራት ቀናት ብዙ ነገር ለውጠውብኛል። ከዚያ ወዲህ ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ባሉበት ሁሉ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ፈልጌ እጠጋለሁ። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። የአያቶቻችሁን ስም ብቻ አትጻፉ፤ ስሙ ለምን እንደወጣ ጻፉ። ስምና ጠባይ በደም ብቻ አይወረስም፤ አልጋ በመልቀቅም ይወረሳል። ደግሞ እኛም ሰፋሪዎች ነን። አንድ ቀን የልጅ ልጆቻችን እኛ ጋ ሲደርሱ አፍረው ቆጠራቸውን ያቆሙ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ፤ ይህን የምጽፈውም እንዳያቆሙ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ሆነ። ሁሉም «መቼም እጅጉ ነው» ብሎ ሲጠብቅ አባቴ እምቢ አለ። «እጅጉ ሞልቶናል። ደስታ ያደረገውን እናድርግ» አለ። «በሰው አገር መጥተን ይህች ልጄ ስታለቅስ መንገድ ያሳያት ሰው አለ። እኛ ወሎዎች ዘንድ የስም ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ቄሱ የክርስትና ስሙን ያውጡለት፣ የቤት ስሙ ግን ሐሚድ ይሁን።» ሐሚድ ደሳለኝ ተባለ። ጋሽ ሐሚድ ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አርብ አርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ቤታችን ጎራ ይላሉ። በቅርቡ ሲወጡ ምን ሆነ መሰላችሁ? መቃኑን ሁለቴ መቱት። ከኛ መልመዳቸው ነው። ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«ስንዱ፣ አባትህ እዚህ ጋ አንድ ነገር ይላል ነበር። ምንድን ነው?»

«ጋሽ ሐሚድ፣ እሱ ለልጆች ብቻ ነው የሚነገረው።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ልጅህ በኔ ስም ይጠራል። እኔ ታዲያ የዚህ ቤት ምኑ ነኝ?» አሉ።

ጠጋ አልኩና ቃሉን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ በሩ ተመለሱ፣ መቃኑን እንደገና ሁለቴ መቱት፤ አሁን ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ እግዜር ይርዳቸው።